ወረቀቱ የማያውቀው ቤት

አክስቴ ሰነዶቿን የምትይዘው በፌስታል ነው። ሁለት ጊዜ ክላሰር ገዝቼላታለሁ፤ አንዱን ለልጅ ልጇ ሰጠችው፣ ሌላው ቡፌው ላይ እንደታሸገ አለ። ችሎት ስንገባ ፌስታሉ ሲንኮሻኮሽ ተረኛው ፖሊስ ዞር ብሎ ያያታል፤ እሷ ግን ደረቷ ላይ ለጥፋው ትቀመጣለች። ውስጡ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በየወሩ ባንክ የከፈለችባቸው ደረሰኞች አሉ። የቆዩት ቀለማቸው ለቋል፣ ጠርዛቸው ታጥፏል፣ ጥቂቶቹ ላይ የሽሮ ጠብታ አለ። የኮንዶሚኒየም ዕዳ ክፍያ ናቸው። ቤቱ ውስጥ የምትኖረው እሷ ናት፣ ዕዳውን የምትከፍለው እሷ ናት፣ ደረሰኙ ላይ የሰፈረው ስም ግን የሌላ ሰው ነው። ያ ሰው ደግሞ ሞቷል።

ሟቹ ቤቱን የሸጠላት ሰው ነው፤ የአንድ መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበር። ዕጣ ሲወጣለት ቅድመ ክፍያውን ተበድሮ ከፈለ፤ አበዳሪው ሲያስጨንቀው ቤቱን ለመሸጥ ተነሣ። በዕጣ የተገኘ ቤት ግን አምስት ዓመት ሳይሞላው አይሸጥም። ይህን ሻጩም ያውቃል፣ አክስቴም ታውቃለች፣ ከሁለቱም ወገን ሁለት ሁለት በመቶ የሚቀበለው ደላላ ደግሞ ከሁለቱም አብልጦ ያውቃል። «ምን ችግር አለው፣ ሁሉም የሚያደርገው እንዲህ ነው» አለ። አልዋሸም።

አንድ ቅዳሜ ቡና ተፈልቶ፣ ሦስት ምስክሮች ተጠርተው የመንደር ውል ተጻፈ። ዋጋው 310 ሺህ ብር። ሰኞ ዕለት ውልና ማስረጃ ሄደው ሁለት ሌሎች ወረቀቶች ተፈራረሙ። አንደኛው ውክልና ነው፤ አክስቴ ቤቱን እንድታስተዳድር፣ እንድታከራይ፣ ጊዜው ሲደርስ እንድትሸጥ እንድትለውጥ የሚል። ሁለተኛው የብድር ውል ነው፤ ሻጩ ከእሷ 310 ሺህ ብር ተበድሮ በአንድ ዓመት ውስጥ እንደሚመልስ የሚል። ያበደረችው ብር አልነበረም። «ቢክድ መያዣ ይሆንሻል» ተብላ ነው። በዚህ ሁኔታ አንድ የቤት ሽያጭ፣ ሽያጭ የሚል ቃል በሌለባቸው ሁለት የመንግሥት ማኅተሞች ተጠቅልሎ ቁልፉ ከእጅ ወደ እጅ አለፈ።

ሻጩ አልካደም። ይህን የምጽፈው ሰውየውን ስለማውቀው ነው። በዓል በመጣ ቁጥር ብቅ ብሎ «ውኃ ይመጣል? ሊፍት የሌለው ነገር አልከበደሽም?» ይል ነበር። አምስቱ ዓመት ሲሞላ ስም ለማዛወር ተነጋገሩ። ያኔ አክስቴ የማዛወሪያውን ገንዘብ አልያዘችም። ገንዘቡን ስትይዝ እሱ ታመመ። ኮሮና መጣ። ፋሲካ ይለፍ፣ ክረምቱ ይውጣ እየተባለ ሰውየው በ2013 አረፈ። አክስቴ ለቀብሩ እንጀራ ጋግራ ሄዳለች፣ ሠልስቱንም ተቀምጣለች። በ2016 ልጆቹ የወራሽነት ማስረጃቸውን ይዘው ከሰሷት። «የአባታችንን ቤት ያለ አግባብ ስለያዘችብን ለቅቃ ታስረክበን» ይላል ክሱ።

አሁን ፌስታሉን ዘርግፈን ያላትን እንቁጠር። ውክልናው ወካዩ በሞተ ዕለት አብሮት ሞቷል፤ ሕጉ እንዲያ ነው። የመንደር ውሉን ዳኛው አገላብጠው ካዩት በኋላ የጠየቁት አንድ ጥያቄ ነው፦ «ይሄ የት ተመዘገበ?» የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት የሚተላለፍበት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 ይህ ሥርዓት ከማስረጃነት አልፎ ውሉ እንዲጸና የግድ መሟላት ያለበት ነው ካለ ወዲህ፣ የመንደር ውል ይዞ ችሎት የሚገባ ሰው እግሩ ይከብደዋል። በኋላ ሰበር ነገሩን ቀለል አድርጎታል፤ ሻጭና ገዥ ሽያጩን እስካልተካካዱ ድረስ ምዝገባ ጎደለ ተብሎ ብቻ ውሉ አይፈርስም ወደማለት ዞሯል። ለአክስቴ ግን ይህም አልደረሰላትም። የማይክደው ሰው አፈር ውስጥ ነው፣ ልጆቹ ደግሞ «አናውቅም» ብለዋል። እውነታቸውን ሊሆን ይችላል፤ ትንሿ ልጅ ያኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች። ሽያጩ በታወቀ ቁጥር ደግሞ ሌላው ጣጣ ይመጣል፦ የተሸጠው በእገዳው ጊዜ ውስጥ ነው።

ወጣቱ ጠበቃችን የብድር ውሉን ሲያይ ቀኑን ሁለቴ አነበበው። «እማማ፣ ይሄ እኮ አሥር ዓመት አልፎታል» አላት። መክፈያው 2005 ላይ ነበር፤ ከውል የሚመነጭ ጥያቄ በአሥር ዓመት በይርጋ ይታገዳል። ለክፉ ቀን ተብሎ ሳጥን ሥር የተቀመጠው ወረቀት፣ ክፉው ቀን ሊመጣ አንድ ዓመት ሲቀረው አርጅቶ ጠበቃት። ባያረጅስ ኖሮ? ቢበዛ 310 ሺህ ብሯን ከነወለዱ ነበር የሚያስመልስላት። ዛሬ በዚያ ብሎክ ቤት የሚሸጥ ሰው ዋጋውን የሚጠራው በሚሊዮን ነው።

ደረሰኞቹስ? ባንክ ገንዘብ ሲገባ የሚሞላው ቅጽ ላይ «አስገቢ» የሚል ቦታ አለ። ደላላው ከመጀመሪያው ቀን «ስምሽን እንዳትጽፊ፣ ቤቱ መሸጡን ያወቁ እንደሆነ ጣጣ ነው» ብሎ መክሯት ስለነበር፣ አክስቴ በገዛ እጇ የሰውየውን ስም ስትጽፍ ኖረች። ልማድ ሆኖባት ከሞተም በኋላ ጻፈች። ከጉዳዩ ጋር ስለተያያዘ ሁሉንም አቀረብን። የከሳሾች ጠበቃ ደረሰኞቹን ሲያዩ ፊታቸው በራ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ የከሳሾች አባት የቤቱን ዕዳ ራሳቸው ሲከፍሉ እንደነበር ተከሳሽ ያቀረበችው የራሷ ማስረጃ ያረጋግጣል።» ዳኛው አንዱን ደረሰኝ ወደ መብራቱ ከፍ አድርገው «በ2015 የከፈሉትንም ጨምሮ ነው?» ብለው ጠየቁ። ኋላ የተቀመጡት ባለጉዳዮች ሳቁ። ጠበቃው አልሳቁም፤ አክስቴም አልሳቀች።

ቀጠሮ ስጠብቅ የሌላውንም ሰው ጉዳይ መስማት ለምዶብኛል። ከፍርድ ቤቱ አጥር ጥግ አንዲት ልጅ ዣንጥላ ሥር ላፕቶፕና ፕሪንተር ዘርግታ አቤቱታ ትጽፋለች። አንድ ቀን አጠገቧ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሻይ ስጠጣ፣ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው ይተርኩላታል፦ «እሱማ ልጄ፣ የእኔና የእሱ ነገር እንዲህ አልነበረም…» ልጅቷ ጣቶቿን ከኪቦርዱ ላይ አንሥታ «አባባ፣ ውሉ ላይ ምን ይላል? እሱን ይንገሩኝ» አለቻቸው። ሽማግሌው ዝም አሉ። ውሉ ላይ ያለውና ሊነግሯት የመጡት ለየቅል ነበር።

ሰው ከችሎት ሲወጣ «ፍርድ የለም» ይላል፣ «ዳኛው ተገዝቷል» ይላል። እውነት የሆነበት ቦታ አይጠፋም፤ ለዳኞች ጥብቅና አልቆምኩም። በእነዚህ ሁለት ዓመታት ደጋግሜ ያየሁት ግን ሌላ ነው። ያላደረግነውን እንጽፋለን፣ ያደረግነውን አንጽፍም። ወረቀቱን ውሸት አስተምረን እናስቀምጠውና የተጣላን ዕለት ዳኛው እሱን ትተው እኛን እንዲያምኑ እንፈልጋለን።

ሰልፍ ላይ ያገኘሁት አንድ ጎልማሳ ቤት የገዛው በሁለት ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺህ ነው። ውልና ማስረጃ የተፈራረሙት ግን በ800 ሺህ። ለምን እንደሆነ ቤት የገዛ የሸጠ ሁሉ ያውቀዋል፦ የቴምብር ቀረጡ የሚታሰበው በዋጋው ላይ ነው፤ በ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ደግሞ ሕንፃ ሲተላለፍ ሻጩ ካገኘው ጥቅም ላይ 15 በመቶ ይከፈላል። ሁለቱም ወገን ተጠቀመ፣ ሁለቱም ተሳሳቀ። ኋላ ሽያጩ በሌላ ምክንያት ሲፈርስ ፍርድ ቤቱ ሁለቱም ወደነበሩበት ይመለሱ አለ፤ ገዥው ቤቱን፣ ሻጩ የተቀበለውን ይመልስ። የተቀበለው ስንት ነው? ውሉ የሚለው 800 ሺህ ነው። «ምስክር አለኝ» ይላል ሰውየው። አለው። ግን ራስህ ፈርመህ ያስመዘገብከውን የጽሑፍ ውል በሰው ምስክር ለማስተባበል መሞከር በመርፌ ቀዳዳ እንደመሹለክ ነው፤ ቢሳካለት እንኳ በዚያው አፉ ግብር እንደሰወረ መመስከሩ ነው። አንድ ሚሊዮን አራት መቶ ሺህ ብር እንዲሁ በነፋስ ላይ ተንጠልጥሏል።

መንግሥትም ከዚህ ንጹሕ ነው ማለት አልችልም። መሬት አይሸጥም አይለወጥም፤ ከ1967ቱ አዋጅ ጀምሮ እንዲያ ነው፣ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም አንቀጽ 40 ላይ አጽንቶታል። ስለዚህ ውሉ ላይ «ቤቴን ሸጫለሁ» ይባላል። መሀል ከተማ ውስጥ ጣሪያው የሚያፈስ የጭቃ ቤት በብዙ ሚሊዮን ሲሸጥ፣ ያ ሁሉ ገንዘብ ለጭቃው ነው? ዳኛውም፣ አዋዋዩም፣ ገማቹም የተሸጠው ምን እንደሆነ ያውቃሉ። ትልቁ ውል እንዲህ እየተጻፈ ትንንሾቹ ቀጥ ብለው እንዲጻፉ መጠበቅ ይከብዳል። የአምስት ዓመቱን እገዳም ውሰዱት። ዓላማው ቤቱ ነጋዴ እጅ እንዳይገባ ነበር። የተቸገረ ሰው ግን ከመሸጥ አልቀረም፤ የቀረው ሽያጩን በስሙ መጥራት ብቻ ነው።

አንድ ሌላ ወረቀት አለ፣ «ያላገባ» የሚባል። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ቁጥር 68 የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥም ሆነ ለማስያዝ የሁለቱንም ተጋቢዎች ፈቃድ ይጠይቃል፤ ከ500 ብር በላይ ለመበደር እንኳ ሳይቀር። ገዥም ባንክም ይህን ስለሚያውቅ ወይ ሚስትህን አምጣ ወይ ያላገባ ማስረጃ አምጣ ይላል። ማስረጃው ይመጣል። ከዓመት በኋላ ደግሞ ነጠላዋን መስቀለኛ ያጣፋች ሴት ልጆቿን አስከትላ ችሎት ትገባለች። ሕጉ ሚስት ውሉን ካወቀች በስድስት ወር፣ ቢዘገይ ቢዘገይ ውሉ ከተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲፈርስ መጠየቅ እንደምትችል ይናገራል። ችሎቱ ያኔ አሥራ ሦስት ዓመት አብረው የኖሩ ሰዎችን የሠርግ ፎቶ በአንድ በኩል፣ ክብ ማኅተም ያለበትን «አላገባም» የሚል ወረቀት በሌላ በኩል ይዞ ይቀመጣል።

የሐራጅ ማስታወቂያ ማንበብም እወዳለሁ። ብዙ ሰው ጋዜጣ ላይ የሚዘለው ገጽ ነው። ሰንጠረዡ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ የተበዳሪ ስም፣ የአስያዥ ስም፣ ንብረቱ የሚገኝበት ቦታ፣ የካርታ ቁጥር፣ የሐራጅ መነሻ ዋጋ፣ ቀንና ሰዓት። ከሥር ተጫራቾች የመነሻውን አንድ አራተኛ በሲፒኦ ይዘው እንዲቀርቡ ይነገራል። እኔ የማነበው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓምዶች ነው። ተበዳሪና አስያዥ አንድ ሰው ከሆኑ «ራሱ» ተብሎ ይታለፋል። በብዙ ረድፍ ላይ ግን ስሙ ይለያያል፣ የአባት ስም ግን አንድ ነው። ወንድም ለወንድሙ፣ እህት ለወንድሟ፣ አባት ለልጁ። አንዱ ነጋዴ ነው፣ ሌላው ቤት ያለው። መላው የቤተሰብ ታሪክ በሁለት ዓምድ ተጽፎ ያልቃል።

አስያዡ ብዙ ጊዜ የፈረመው «ለፎርማሊቲ ነው» ተብሎ ነው። ለጎረቤቴ ወንድሙ ያለው ይህንኑ ነው፦ «ጋሼ፣ አንተ ፊርማህን ብቻ ነው የምታኖረው፣ ብድሩ የእኔ ነው።» ብድሩ በእርግጥ የወንድሙ ነው፤ የሚሸጠው ግን የጋሼ ቤት ነው። ሥራው ሲከስር ባንኩ የሠላሳ ቀን ማስጠንቀቂያ ላከለት። ጎረቤቴ ፍርድ ቤት የሚጠራው መስሎት ጠበቃ ፍለጋ ጀመረ፤ ዳኛ ፊት ቀርቦ «ዕዳው የእኔ አይደለም» ሊል። መጥሪያ አልመጣም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አበዳሪ መያዣውን ከሕጉ ሥርዓት ውጭ እንዲሸጥ የሚፈቅድ ስምምነትን አይቀበልም ነበር፤ በ1990 የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ግን ባንኮችን ከዚህ ነጥሎ፣ በውላቸው ላይ እስከተስማሙ ድረስ ማስጠንቀቂያ ሰጥተው ራሳቸው በሐራጅ እንዲሸጡ ፈቀደላቸው። ባንክ ሥርዓቱን ሳይከተል ቢሸጥ ለሚያደርሰው ጉዳት ይጠየቃል፤ ያ ግን ቤቱ ከሄደ በኋላ የሚነሣ ክርክር ነው።

አዋጁ ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። ባንክ የሚያበድረው የሌላ ሰው ተቀማጭ ነው፤ እያንዳንዱን መያዣ በአፈጻጸም ችሎት እየተመላለሰ ቢሸጥ ኖሮ ማበደሩን ይተው ነበር። የሚከነክነኝ ጎረቤቴ ምን እንደፈረመ ሳያውቅ መፈረሙ ነው። ውሉ አሥራ አንድ ገጽ ነበር። በእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ ፊርማው አለ፣ አሥራ አንድ ጊዜ። «አንብበኸዋል ወይ?» ብዬ ጠየቅኩት። «ወንድሜን አላምንም ማለት አይሆንም?» አለኝ። አገራችን ውስጥ ውል አንብቦ መፈረም መጠራጠር ነው፤ ዝምድና ደግሞ ጥርጣሬን አይወድም።

ዝምድና ካነሣን የዓረብ አገሮቹ እህቶቻችን ጉዳይ አለ። ጅዳ ዘጠኝ ዓመት የሠራች ልጅ አውቃለሁ። በየሦስት ወሩ ለወንድሟ ትልካለች፣ እሱ ቤት ይሠራላታል። ካርታው በእሱ ስም ወጣ፤ እሷ እዚያ ናት፣ መፈረም አትችልም፣ ውክልና ለመላክ ደግሞ አሠሪዋ ከቤት አታስወጣትም። ስትመለስ ቤቱ ውስጥ ወንድሟ አግብቶ ልጅ ወልዶ አገኘችው። ፍርድ ቤት ሄደች። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1195 በስሙ የባለቤትነት ማስረጃ የተሰጠው ሰው ባለቤት ነው ተብሎ እንደሚገመት ይናገራል። ግምቱን ማፍረስ ይቻላል፤ ማፍረሻው ግን ማስረጃ ነው። ገንዘቡን የላከችባቸውን ወረቀቶች አወጣች። ግማሹ በሐዋላ ቤት በኩል ሳይሆን በሰው እጅ የተላከ ስለነበር ወረቀት የለውም። የቀረው ላይ «የተላከበት ምክንያት» በሚለው ቦታ የተሞላው «ለቤተሰብ መርጃ» ነው። ያኔ ቆጣሪው ላይ የነበረው ሰውዬ ራሱ ሞልቶላት ነው፤ ለሁሉም የሚሞላው እንዲያ ነበርና። የወንድሟ ጠበቃ ከዚያ በላይ ምንም አላስፈለገውም። ቤተሰቧን ረድታለች፣ እግዜር ይስጣት አለ።

የሪል ስቴቱን ነገር ለማሳጠር እፈልጋለሁ፤ ስለሱ ያልጻፈ የለም። ሞዴል ቤት አይተው፣ ብሮሹር ይዘው፣ ግማሹን ከፍለው ከዓመታት በኋላ ያዩት የመሠረት ጉድጓድ የሆነባቸው ሰዎች በየችሎቱ አሉ። የነሱ ወረቀት እንደሌላው አይዋሽም፤ ይልቁንም ከመጠን በላይ ያወራል። ርክክቡ በዚህ ወር ይላል፣ ሦስት ገጽ ዝቅ ብሎ «ከአልሚው ቁጥጥር ውጭ በሆነ ምክንያት» እያለ መልሶ ይወስደዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ሲያልፍ፣ የዋጋ ማስተካከያ የምትለዋ አንቀጽ ከተደበቀችበት ወጣች። ሕጉ ቁጥር 1764 ላይ የአንዱ ወገን ግዴታ ከታሰበው በላይ ከበደ ተብሎ ውል አይለወጥም ይላል፤ ውሉ ራሱ ይለወጥ ካለ ግን ሌላ ነው። በ2017 ስለ ሪል ስቴት ልማትና ግብይት አዲስ አዋጅ ወጥቷል። ጉድጓዱ ግን ከአዋጁ በፊት የተቆፈረ ነው።

ወደ አክስቴ ልመለስ። በድሮው ዳኝነት አበዳሪና ባለዕዳ ቁራኛ ይሆኑ ነበር። እጅ ለእጅ በሰንሰለት ታስረው ዋስ እስኪገኝ ወይም ዕዳው እስኪከፈል አብረው ይውላሉ፣ አብረው ያድራሉ። ቃሉ ዛሬም አለን፣ ሰንሰለቱ ግን ቀርቷል። እኔ ግን የችሎቱን በር አግዳሚ ወንበር ካየሁ በኋላ ቀርቷል ለማለት አልቸኩልም። ከሳሾቹና አክስቴ በየቀጠሮው አንድ አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ፤ ሌላ የለም። ትንሿ ልጅ፣ አሁን ባንክ ቤት የምትሠራው፣ ከአክስቴ አጠገብ ናት። ሁለቱም አንድ ስም እስኪጠራ ይጠብቃሉ፣ አንድ ቤት ያስባሉ። ባለፈው አክስቴ ቆሎ አውጥታ ስትዘግን ልጅቷ እጇን ዘረጋች፤ ሳታስበው ይመስለኛል። «እትዬ፣ ዛሬም የሚቀጥሩን ይመስልዎታል?» አለቻት። «እኔ ምን አውቄ ልጄ፣ ያው ነው» አለች አክስቴ። ታላቅ ወንድሟ ኮሪደሩ ጫፍ ቆሞ አያቸውና ስልኩን ማየት ቀጠለ።

ዳኛው ጉዳዩን ወደ አስማሚ መርተውታል። የ2013ቱ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ካመጣቸው ነገሮች ይህን አንዱን ወድጄዋለሁ። ክፍሉ ውስጥ ከፍ ያለ ወንበር የለም፣ ክብ ጠረጴዛ ነው። አስማሚዋ ወረቀቶቹን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ ከሁሉ አስቀድማ የጠየቀችው «አባታችሁ ስለዚህ ቤት ምን ይሉ ነበር?» የሚል ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ ችሎቱ ሊጠይቅ አይችልም ነበር። ታላቁ ልጅ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ትንሿ «በዓል በዓል እዚያ ይሄድ ነበር» አለች፣ ቀስ ብላ። ከዚያ ስለ ገንዘብ መነጋገር ተጀመረ፤ ቤቱ ለአክስቴ ይጽና፣ እሷ ደግሞ ለልጆቹ ከዛሬው ዋጋ የተወሰነ ታካፍል የሚል ነገር። አክስቴ ሁለተኛ ልከፍል ነው ወይ ብላ ተነሥታ ነበር፤ አስቀመጥኳት። ሦስተኛው ወራሽ ግን አሜሪካ ነው፤ ያለሱ ፊርማ አይሆንም። ውክልና በኤምባሲ በኩል እስኪልክ ተቀጠርን። ውክልና፣ እንደገና።

በዚህ ወር ባንክ ቤት አብሬያት ሄድኩ። ዕዳው አላለቀም፣ ክርክሩ ይኑር አይኑር ባንኩ አይመለከተውም። ቅጹን አንሥታ የሂሳብ ቁጥሩን ከአእምሮዋ ጻፈች። «የሂሳቡ ባለቤት» በሚለው ላይ የሟቹን ስም እስከ አያቱ ሞላች። «አስገቢ» ላይ ስትደርስ እስክሪብቶው ቆመ።

«የማንን ልጻፍ?» አለችኝ።

«ያንቺን ነዋ!»

«ጠበቃችን አሁን ስምሽን ብትጽፊ ድሮስ ለምን አልጻፍሽም ይሉሻል ቢለኝስ?»

መልስ አልነበረኝም። እንደውልለት አልኳት። ከኋላችን ሰልፉ ረዝሟል፣ አንድ ሰው ጉሮሮውን ይጠርጋል። አክስቴ ጎንበስ ብላ መጻፍ ጀመረች፤ እጇ የለመደውን የሰውየውን ስም ሁለት ፊደል ጽፎ ኖሮ፣ ደንገጥ ብላ ሰረዘችውና ከጎኑ የራሷን ጻፈች። ቆጣሪው ላይ ያለችው ልጅ ቅጹን ተቀብላ አየችውና በመስኮቱ መለሰችላት።

«እናቴ፣ ስርዝ ድልዝ አንቀበልም» አለች፣ አዲስ ቅጽ እየዘረጋችላት።